የአውቶሞቢል ታሪክና የነጂዎች ልማድ በአገራችን

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ለመታሰቢያው መጽሔት የሚሆን ጽሑፍ እንድናቀርብ በተነገረን ጊዜ፣ ከታሪክ ክበባችን አባሎች ገሚሶቹ ስለ አክሱም ሐውልት፣ ገሚሶቹም ስለ ዓድዋ ጦርነት ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኛ ሦስታችን ግን ስለ መኪና ልንጽፍ ተነሣን። ጓደኞቻችን በዚህ ነገር ብዙ አሾፉብን፤ መኪና የሚነዳ እንጂ ታሪክ የሚጻፍለት ነገር አይደለም አሉን። ነገር ግን ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ የምናቋርጠው መንገድ፣ የምንሰማው ክላክስ፣ የምንሸሸው ጎማ ሁሉ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ሐውልቱን በዕድሜያችን አንድ ቀን ብናየው ነው፤ መኪናውን ግን በቀን አራት ጊዜ እናመልጠዋለን። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ የማይጠቅም ሆኖ አልታየንም።

መኪና ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ ባቡር የሚለው ስም ገብቶ ነበር። የቀድሞ ሰዎች በእሳትና በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሰውን ማናቸውንም መሣሪያ ባቡር ይሉት ነበርና፣ እህል የሚፈጨውም ባቡር፣ በሐዲድ ላይ የሚሮጠውም ባቡር ነበረ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ ማሽን ባስመጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ በዘፈን ሳይቀር ይነሣል። ይህ ማሽን የሰው ማመላለሻ አልነበረም። ሆኖም የከተማው ሰው ያለ በሬና ያለ በቅሎ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ምን እንደሚመስል የተማረው ከእርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እውነተኛው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ. ም. ነው። ቤንትሌ የተባለ አንድ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል ከጠረፍ አንሥቶ፣ የተሠራ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ እያለፈ መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ የሚባለውን የጀርመን አውቶሞቢል ይዞ መጣ፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ ጻፈ። ሁለቱም የመጡት ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ዓድዋን ያሸነፈው ንጉሥ በአውሮፓ ስሙ የገነነ ስለ ነበረ፣ ዕቃን በእርሱ ፊት አቅርቦ ማስወደድ ለአንድ ፋብሪካ ትልቅ ማስታወቂያ ነበረ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የቤንዚን ማደያ በሌለበት፣ ጎማ የሚለጥፍ አንድ ሰው እንኳ በማይገኝበት አገር በመኪና መነሣት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል! ዐፄ ምኒልክ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ወጥተው ሄዱበት። መኪናውና ዘመናዊው ትምህርት ቤት ወደ አዲስ አበባ የገቡት በአንድ ሰሞን መሆኑን ልብ ይሏል። ትምህርት ቤቱ ብዙ ሙግት ገጥሞት ነበር፤ መኪናው ግን ያን ያህል ተቃዋሚ አላገኘም።

ይህ ለምን ሆነ? እኛ እንደሚመስለን መኪናው የተዘጋጀ ዙፋን ስላገኘ ነው። በዚያ ዘመን ሰው በተቀመጠበት እንስሳ ይታወቅ ነበር። መኳንንቱ የሚጠሩት በፈረስ ስም ነው፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። ትልቅ ሰው በበቅሎ ሲሄድ አሽከሮቹ ከፊት ከኋላ ይከቡታል፤ መንገደኛውም ዳር ይይዛል፣ እጅ ይነሣል። አውቶሞቢል ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች እነዚሁ ነገሥታትና መኳንንት፣ እንዲሁም የውጭ አገር መልእክተኞች ነበሩ። እንግዲህ መኪናው የበቅሎዋን ቦታ ወሰደ፤ ክላክሱም የአሽከሮቹን ቦታ ወሰደ። እግረኛው ለበቅሎዋ ይለቅ የነበረውን መንገድ ሳያንገራግር ለመኪናው ለቀቀ። የታሪክ መምህራችን ይህን አሳብ ባነበቡ ጊዜ ማስረጃው ከድፍረቱ ያንሳል ሲሉ ነግረውናል። እኛ ግን በክላክሱ ነገር ላይ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና፣ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ተሽከርካሪን በባቡር ጭኖ ማምጣት ስለ ተቻለ፣ እንደ ቤንትሌ በበረሃ መንከራተት ቀረ። ባቡሩ ደግሞ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራ ነበርና የፈረንሳይኛ ቃሎችንም ጭኖ መጣ። ሹፌር የሚለውን ስም፣ ጋራዥ የሚለውን ስም ያገኘነው ከፈረንሳይኛ ነው። ቢሆንም እስከ 1928 ዓ. ም. ድረስ መኪና የጥቂት ሰዎች ንብረት፣ የጥቂት መንገዶች እንግዳ ሆኖ ቆየ።

በ1928 ዓ. ም. ነገሩ ተለወጠ፤ የተለወጠውም በደም ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ የኢጣልያ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከ1,700 የማያንሱ መኪናዎች አሰልፎ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ያህል መኪና በአንድነት ያየ የአገራችን ገበሬ አልነበረም። አርበኞች ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፍርሰውት ስለ ነበር ያ ሁሉ መኪና ተገትሮ፣ ወታደሩ በአካፋና በዶማ መንገድ ሲጠግን ሰነበተ፤ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ቀን ነው። እንግዲህ በአገራችን ታሪክ ትልቁ የመኪና ሰልፍ የወራሪ ሰልፍ ነበር። ይህን መርሳት አይገባም፤ ምክንያቱም አባቶቻችን መኪና መንዳትን በብዛት የተማሩት ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ነውና።

ኢጣልያኖች በያዙት አምስት ዓመት ውስጥ መንገድ ሠሩ። የሠሩት ለእኛ ብለው ሳይሆን መድፍና ወታደር ለማመላለስ ነው። ስለዚህም መንገዶቻቸው ተራራውን ከመዞር ይልቅ ይጋፈጡታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ጣርማ በርን የሚበሳው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሕዝቡም ዛሬ ድረስ የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ከደባርቅ በታች ያለው ሊማሊሞም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ሠራተኞቹ ከኢጣልያ የመጡ ድኆችና የአገራችን ሰዎች ነበሩ፤ ከሥራው ጋርም ቋንቋው ተዛመተ።

በዚህ በቋንቋው ነገር ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የትም ዞር ሳይሉ በመንደር ጋራዥ ደጅ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ የሚማሩት ታሪክ ነው። መኪና ራሱ የኢጣልያንኛ ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ኩሺኔታ ሁሉ ከዚያው ናቸው። መንገዱ ጠጠር ብቻ ሲሆን ፒስታ ነው፤ አውቶቡሱ የሚቆምበት ፌርማታ ነው፤ ከባዱ መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ነው፤ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። ከጎማው ውስጥ ያለውን በአየር የሚነፋ ላስቲክ ኢጣልያኖች በሁለት ቃል የአየር ክፍል ብለው ሲጠሩት፣ የእኛ ሰዎች አንድ ላይ ጨፍልቀው ከመነዳሪ አሉት። መካኒኩ መሣሪያ ሲጠይቅ ካቻቪቴ አምጣ፣ ፒንሳ አምጣ ይላል። ይህን የሚለው ልጅ ኢጣልያን የት እንዳለች በካርታ ላይ ላያሳየን ይችላል።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልን። የመኪናው ክፍሎች ስም በአብዛኛው ኢጣልያንኛ ሲሆን፣ ነጂው ጨብጦ የሚያዝበት መሪ አማርኛ ነው፤ የሚነዳበት መንጃ ፈቃድ፣ ጭነት፣ ተሳቢ፣ ረዳት አማርኛ ናቸው። ዕቃው የውጭ፣ ሥልጣኑ የአገር ቤት ነው ማለት ነው። ጎማውም ቢሆን አልቆ ከመኪናው ላይ ሲወልቅ በአገር ቤት ስም በረባሶ ጫማ ሆኖ እግረኛው እግር ላይ ይውላል። ይህን የተናገርነው ለጨዋታ ያህል ነው።

ኢጣልያ በ1933 ዓ. ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱም፣ የተሰባበረው መኪናም፣ የለመደው እጅም ቀረ። ያን ጊዜ የመንዳት ትምህርት ቤት ማለት ረዳትነት ነበር። ልጁ ከሹፌሩ ጋር ዓመታት ይዞራል፤ ጭነት ያስራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ማታ ከመኪናው ሥር ይተኛል። ዋናው ሥራው ግን ታኮ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም ረዳቱ እንጨት ወይም ድንጋይ ይዞ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ይወትፋል። አንድ ጊዜ ቢሳሳት መኪናውም፣ ሹፌሩም፣ እርሱም ወደ ገደል ነው። ሹፌሩ ደስ ያለው ዕለት መሪውን ያስጨብጠዋል፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ረዳቱ ሹፌር ይሆንና እርሱ ደግሞ የራሱን ረዳት ይይዛል። እንደ ቆሎ ተማሪና እንደ የኔታ ቢመሰል አይበዛበትም።

ከዚህ ትምህርት መልካምም ክፉም ልማድ ወጣ። መልካሙ መረዳዳት ነው። በረጅም መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ያየ ሹፌር ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ከፊት ያለው ከባድ መኪና ፍሬቻውን አብርቶ ከኋላው ላለው መንገዱ ክፍት መሆኑን ይነግረዋል፤ ከወዲያ የሚመጣውም መብራቱን ብልጭ አድርጎ ስላለበት ነገር ያስጠነቅቃል። መኪና የቆመበትን ሰው ለማስታወቅም ቅጠል ዘንጥፎ ወይም ድንጋይ ደርድሮ በመንገዱ ላይ ማኖር የታወቀ ምልክት ነው። ክፉው ደግሞ፣ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ በመንገዱ ላይ መቅረቱ ነው! ያንኑ ድንጋይ ማታ ሌላው ይመታዋል።

ሌላው ክፉ ልማድ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለቱን ማርሽ ፈትቶ መልቀቅ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የዓባይ በረሃ ለምሳሌ እንውሰድ። መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑ የሚረዳው አልፎ አልፎ ነው። ማርሹ ሲፈታ ግን የጭነቱ ክብደት በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ደግሞ የሚሠራው በመፋተግ ስለ ሆነ ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው ፔዳሉን ረግጦ መኪናው አልቆም ሲለው ነው። ዐዋቂ ሹፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለውን ደንብ ለረዳቶቻቸው ያስተምሩ ነበር። ይህ ደንብ በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከአፍ ወደ አፍ ብዙ ነፍስ አድኗል ብለን እናምናለን።

የጭነት ሹፌሮች ክብር እጅግ የገነነው በአሰብ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ ወርዶ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው አሮጌው የኢጣልያ መኪና፣ ከእርሱም በኋላ የመጣው ኤን ትሬ የተባለው ፊያት በዚህ መንገድ ላይ ስም አውጥተዋል። ሹፌሩ ከአሰብ ሲመለስ ልጆች ይከቡት ነበር፤ ዓለምን ያየ ሰው ነውና። በ1990 ዓ. ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ መንገድ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ፤ ሹፌሩም ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

ወደ ኋላ ተመልሰን የመንግሥቱን ሥራ እንመልከት። በ1943 ዓ. ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው ገንዘብ የመጀመሪያው ከዚህ ይመደባል። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ ሲበዛ፣ መኪናውም ሲበዛ፣ አንድ አስቸጋሪ ነገር ጎልቶ ታየ። በአገራችን ሕግ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበረ። ነገር ግን ፊያቱም፣ ቮልስዋገኑም፣ የአሜሪካኑም መኪና በአብዛኛው መሪው በግራ የተተከለ፣ በቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው። በግራ እየነዳ መሪው በግራ ያለ ሹፌር ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ፣ ማየት የሚችለው አካሉን ግማሽ በግማሽ ካወጣ በኋላ ነው። በጠባብና በጠመዝማዛ መንገድ ይህ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ በ1956 ዓ. ም. በሰኔ ወር ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረች። የስዊድን ሕዝብ ይህንኑ ያደረገው ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ. ም. ሲሆን፣ በዓለም ዘንድ እንደ ትልቅ ተአምር ሲወራለት ይኖራል። እኛ በሦስት ዓመት ቀድመን ብናደርገውም የሚያወራልን አላገኘንም፤ ራሳችንም አላወራንም። ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል ይህን ያውቅ የነበረ አንድም አልነበረም። ሱዳን ከእኛ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ ተከተለች፤ ኬንያ ግን አሁንም በግራ ትነዳለች። በሞያሌ ድንበሩን የሚሻገር ሹፌር የእኛ አያቶች በአንድ ቀን የለመዱትን በየጉዞው ይለምዳል። ሹፌሩስ መልካም፤ ዕድሜውን በሙሉ ወደ አንድ ወገን እያየ መንገድ ሲያቋርጥ የኖረው እግረኛ፣ አህያ የሚነዳው ገበሬስ? ሕጉ የተለወጠው ለነጂው ነው፤ አንገቱን ማዞር የተገደደው ግን እግረኛው ነው።

በከተማም ቢሆን መኪና የየራሱን ዘመን አመጣ። ሰይቼንቶ የተባሉት ፊያት 600 ትንንሽ ታክሲዎች ሰማያዊና ነጭ ለብሰው በአዲስ አበባ ይርመሰመሱ ነበር። እነዚህን ታክሲዎች ንቆ ማለፍ አይቻልም። በየካቲት ወር 1966 ዓ. ም. የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከፍ ባለ ጊዜ ሥራ አቁመው መንግሥቱን ካስደነገጡት መካከል ባለታክሲዎች ነበሩ፤ መምህራንም በዚያው ሰሞን አድማ መተዋል። መንግሥቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነበት። ከስድስት ወር ተኩል በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም.፣ አባ ጠቅል የሚባል የፈረስ ስም የነበራቸው፣ በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ሕዝብ ያጎነብስላቸው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። በአገራችን ታሪክ ውስጥ የአንድን መኪና ዓይነት ያህል ትንሽ ነገር ይህን ያህል የተናገረበት ሌላ ቀን እናገኛለን ብለን አናስብም። ተከትሎ በመጣው በደርግ ዘመን ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚቀመጡባቸው ታክሲዎች «ውይይት» ተባሉ፤ በየቀበሌው የግዴታ ውይይት የበዛበት ጊዜ ነበርና ቀልዱ ለሁሉ ግልጽ ነበር።

ያ ቮልስዋገን እንደ ዘመኑ አልጠፋም። ሕዝቡ ቮልስ ብሎ አቆላምጦ ይጠራዋል። በዓለም ላይ የመጨረሻው የዚህ ዓይነት መኪና በሜክሲኮ ተሠርቶ ያበቃው በ1995 ዓ. ም. ነው፤ በአዲስ አበባ ግን በየመንደሩ ቀለሙ ታድሶ፣ ሞተሩ በተደጋጋሚ ተፈትቶ ተገጥሞ ሲሄድ እናያለን። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ስለ ሆነ ውሃና ራዲያተር አይሻም። መካኒኩ ቀላል፣ ዕቃው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚገኝ ነው። በሐረር ከተማ ደግሞ ፔጆ 404 ታክሲ ሆኖ በግንቡ ዙሪያ ሲመላለስ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ፈረንሳይ አገር መሥራት ካቆመችው ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ወይም አልፎታል። እንግዶች ይህን ሲያዩ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። እኛ ግን የጥንት ዕቃ መውደድ ብቻ ነው ብለን አናታልልም። የመኪና ቀረጥ በአገራችን እጅግ ከባድ ሆኖ ስለ ቆየ፣ አንድ አባወራ የገዛውን መኪና ለልጁ ለማውረስ ይገደዳል፤ በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅም በአሮጌ መኪናዎች ላይ ቀረጡን እጅግ ከፍ አደረገው። ይሁን እንጂ ችግር የወለደው ነገር ፍቅርም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቮልሱን በጨርቅ ሲወለውል የሚውለውን ጎረቤታችንን አይተን ይህን አንጠራጠርም፤ ሚስቱም አትጠራጠርም።

የፈረስ ስም ልማድም አልቀረም፤ ወደ መኪናው ዞረ እንጂ። ሚኒባሱ ዶልፊን፣ አባዱላ የሚባል ስም ወጣለት። አባ ዱላ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማዕረግ ነው፤ እንግዲህ ሳናውቀው ወደ አባ ዳኘው ዘመን ተመልሰናል። የታክሲዎች ውስጥ ግድግዳም በጥቅስና በተረት ያጌጠ ነው፤ ተሳፋሪው ሒሳብ እስኪሰበሰብ ድረስ ያነባል። ነገር ግን ሁሉ ስም የፍቅር አይደለም። በፍጥነታቸው ብዙ ሰው ለፈጁት ቀያይ ገልባጭ መኪናዎች ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አወጣላቸው። ያን ስም ያለ ምክንያት ለዕቃ የሚሰጥ ኢትዮጵያዊ የለም።

ባለፈው ዓመት ከታችኛው ክፍል አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት በእግረኛ ማቋረጫው ላይ ሳለች ሚኒባስ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ሁለታችን እዚያ ነበርን። ነጂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅቱን አንሥቶ ያስጫነ፣ ሲያለቅስ የነበረ እርሱ ነው። ነገር ግን ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀው ደጋግሞ የሚናገረው ቃል ክላክስ ማድረጉን ብቻ ነበር። ክላክስ አድርጌ ነበር ማለት ለእርሱ ግዴታዬን ፈጽሜ ነበር ማለት ነው። ማቋረጫው የእርሷ መሆኑን፣ መቆም የሚገባው እርሱ መሆኑን ያሰበ አይመስልም። የቆሙትም ሰዎች ገሚሶቹ ነገሩን በዚሁ መንገድ ይፈርዱ ነበር፤ ክላክሱን አልሰማችም ወይ? እያሉ። ስለ በቅሎዋና ስለ አሽከሮቹ ከዚህ በላይ የጻፍነው በዚያ ቀን የሰማነውን ይዘን ነው። ነጭና ጥቁር ቀለም የተቀባው ማቋረጫ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ሕግ ነው፤ ለትልቅ ሰው ዞር ማለት ግን የቆየ ሕግ ነው። በዚያች ጧት ሁለቱ ሕጎች ተጋጩ፤ የቆሰለችው ልጅቱ ነበረች። በሕክምና ብዙ ወር ከቆየች በኋላ ተመልሳ ትምህርቷን ቀጥላለች።

ከአዲስ አበባ መንገደኞች አብዛኛዎቹ በእግራቸውና በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄዱ ናቸው። በ2011 ዓ. ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተመረጡ ቀናት ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ በተከፈቱ ጊዜ፣ ልጆች በአስፋልቱ መካከል ኳስ ሲጫወቱ ታዩ። አንዳንድ ነጂዎች መንገዳቸው እንደ ተነጠቀ ቆጠሩት። በታሪኩ ቅደም ተከተል ግን እግረኛው ሺህ ዘመን ይቀድማቸዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን ገብቷል። በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብቻ እንዲገቡ ወሰነ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ ካደረጉ አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚዋ ናት ይባላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ዝም ብሎ ይመጣል፤ በጆሯችን እየተጠነቀቅን ላደግነው ለእኛ ይህ የሚያሰጋ ነገር ነው። ነጂውም በክላክስ ይበልጥ እንዳይተማመን እንሰጋለን። በአንጻሩ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። ይህ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ጎማውን ከመያዙም በላይ ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል። የዓባይን በረሃ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፈትተው ይወርዱ የነበሩ ሹፌሮች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? እነርሱ ሕይወታቸውን አስይዘው የፈለጉትን ቁጠባ መኪናው ራሱ ያለ አደጋ ያደርገዋል።

ወደ ሰፈራችን ጋራዥ ሄደን ስለዚህ አዲስ መኪና ጠየቅን። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ከውስጥ የሚታየውን ሲያሳየን፣ ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ቀስ በቀስ እንደ ቀድሞው ካምቢዮ የሚፈታ ሰው ሥራ ፈት መሆኑ ነው። ከኢጣልያንኛው መዝገብ ግማሹ ሊሰረዝ ነው ማለት ነው፤ ለአዲሶቹ ዕቃዎችም በእኛ ቋንቋ ገና ስም አልወጣላቸውም፤ መካኒኩ በጣቱ እያመለከተ «ይኼ» እና «ያኛው» ይላቸዋል። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑና ፍሬቻው ግን እንዳሉ ናቸው። ከጋራዡ አጠገብ የሚሠራው ጎሚስታ ይህን ሁሉ ጭውውታችንን ሲሰማ ቆይቶ፣ የኤሌክትሪኩ መኪና በባትሪው ክብደት የተነሣ ጎማ ቶሎ እንደሚበላ ነገረን፤ ከዚያም ወደ ሥራው ተመለሰ።